የአዛውንቶቹ ደም ለምን ዝም አለ

የሄድኩት ለመታረቅ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ አዳማ ያሉ ጎረቤቶቼ ከተመለስኩ ወዲህ «ዘነበች ጎጃም ሄዳ ከጓደኛዋ ጋር ታርቃ መጣች» እያሉ ስለሚያወሩ ነው። የሄድኩት አንድ ነገር ለማወቅ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ዳንግላ ላይ የአዛውንቶቹን ደም ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ዕድሜዬ ወደ ሰባ እየገፋ ነው፤ ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈለግኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳንግላ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። በመጨረሻው ዓመት አንድ ዶክተር ከነቡድኑ መጣና ቫይታሚን ዲ በደማችን ውስጥ ባሉ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ ምን እንደሚያደርግ ማጥናት ጀመረ። የዶክተሩን ስም አልጽፍም፤ እሱም በጻፈው ሁሉ ውስጥ የእኔን አልጻፈም። ለልጆች፣ ለጎልማሶችና ለአዛውንቶች ስምንት ሳምንት ካፕሱል ታደለ፤ ከዚያ ደማቸውን ቀዳን። የልጆቹና የጎልማሶቹ ደም ተለውጦ ተገኘ። የአዛውንቶቹ ግን እንደነበረ ነው። ዶክተሩ ምክንያት ፈለገ፤ አገኘም። የአዛውንቶቹን ደም ከገጠር ወደ ከተማ ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። መኪናው ስለተበላሸ ያመጣሁት በጋሪ ነው። «ጋሪው ደሙን ንጦ ሕዋሳቱን ገደላቸው» አለ። በሰው ፊት ነው ያለው።

በጋሪ እንጫነው ያለችው ደግሞ ይርገዱ ናት። ይርገዱ ካፕሱሉን የምታድለው ነርስ ነበረች፤ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን ለብዙ ዓመት አብረን የኖርን ጓደኛዬ። ዶክተሩ ያን ሲናገር አጠገቤ ቆማለች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በወሩ ጡረታዬን አስከብሬ አዳማ ወንድሜ ዘንድ ገባሁ። ስትደውልልኝ አላነሣሁም። ቆይታ መደወሉን ተወችው።

ታዲያ በዘንድሮው ሁዳዴ ጾም ሦስተኛ ሳምንት ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

«እትዬ ዘነበች ነዎት? ማስተዋል እባላለሁ። የጥሊሊ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው እንጅባራ ነው። ያንን የቫይታሚን ዲ ጥናት እንደ አዲስ ጀምረነዋል። የድሮውን ስህተት እንዳንደግም መጥተው ቢመክሩን ብዬ ነው።»

የድሮውን ስህተት። ስልኩን ዘጋሁና ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ከአዳማ ደብረ ማርቆስ

ከአዳማ ስነሣ ገና ሳይነጋ አልቦኛል። ወንድሜ ሚኒባስ ተራ ድረስ ሸኘኝና «በዚህ ዕድሜሽ ምን አለብሽ?» አለኝ። ይህ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እየመገበኝ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እንዳለብኝ አልገባውም። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ሾፌር ጠይቄ አረጋግጫለሁ አልኩትና ተሳፈርኩ።

አዲስ አበባን ቶሎ አልፈን የጎጃምን መንገድ ያዝን። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ስለ አንዲት ምራት አወሩ። ምራቲቱን አላውቃትም፤ ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ግን ከእሷ ወግኜ ነበር። እዚያ ለምሳ ወረድን። የጾም በያይነቱ በላሁ። ድንቹ ጥሩ ነበር፤ አዳማ የምንበላው ድንች ከዚህ ጎን ሳሙና ነው። ወደ መኪናው ስመለስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠለጠለ። የዓባይን በረሃ ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ የወጣሁት በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ነው።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። እግሬን አየችው።

«እትዬ፣ በዚህ ነው ጎጃም የገቡት?»

«ስነሣ ደህና ነበር።»

የራሷን ላስቲክ ጫማ ከእግሯ አውልቃ ሰጠችኝ። ሰፋኝ። ጨርቅ አምጥታ ጫፉ ላይ ጠቀጠቀችበት።

«ሲመለሱ ይመልሱልኛል።»

«ካልተመለስኩስ?»

«እርስዎ? የሰው ነገር ይዘው የሚቀሩ አይመስሉም። ፊትዎ ያስታውቃል።»

ምስጋና ይሁን ስድብ ሳይገባኝ ተኛሁ። ጫማዬን ግን ጠዋት ሰፊ ዘንድ ልካው አገኘሁ፤ ስመለስ እንዲደርስልኝ ከፍላበታለች። አዳማ ከጎረቤት ወንፊት ብትዋሺ መልሰሽ አምጪ የሚል ልጅ ከኋላሽ ይላካል።

ሁለተኛው ቀን፦ ወደ እንጅባራ

ፍኖተ ሰላምን አልፈን ቡሬ እስክንደርስ ፀሐዩ ሞቅ ያለ ነበር። ከቡሬ በኋላ አገሩ ከፍ እያለ ሄደ። የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል፤ ከጀርባው የግራር ችግኝ እንደ ሰብል በመስመር ቆሟል። ጥሊሊ ስንቃረብ ያ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ገባና ፊቴን ነካኝ። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።

«እማማ፣ ብርድ ለቀቁብን እኮ!» አለ ከኋላዬ ያለ ሰው።

«አሥራ ሁለት ዓመት የናፈቀኝ ነው። አንድ አፍታ ታገሠኝ።»

«እንግዲያው ጋቢ ደርበው ይናፍቁ! እኛ እዚሁ ነን፣ አልናፈቀንም።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። መስኮቱን ግማሽ ድረስ መለስኩት። ግማሹን አልሰጠሁትም።

አዳማ የምኖርበት ሰፈር አየሩ ከምድጃ አጠገብ እንደ መቀመጥ ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ ወንድሜን «ዳንግላ እኮ አሁን ጉም ነው» እለዋለሁ። ጉም የሚናፍቅ ሰው አይቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር የሚናፍቀኝ ጉሙ ብቻም አይደለም። በጉም ሰዓት በሩን ከውስጥ ከፍቶ «እግርሽን ጥረጊ!» የሚል ሰው ነበረኝ።

ማስተዋል እንጅባራ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ቀጭን ናት፤ ፈጣን። ሻንጣዬን ነጥቃኝ ባጃጅ ውስጥ ከተተችኝ። ቤቷ ከቀርቀሃ የተሠራ ረጅም መቀመጫ አለ፤ እዚያ ላይ ሁለት ትራስ ደርባ አስቀመጠችኝ። ድንች በሽሮና የገብስ ዳቦ አቀረበች። እየበላን ስልኳ ጮኸና በአዊኛ አወራች፤ ሳቀች፤ ዘጋች።

«እናቴ ናት። ከጥሊሊ። እንግዳሽን አብልተሻል ወይ ትላለች። እሷም ጥናቱ ውስጥ አለች።»

ከዚያ ዓይኗን ሳህኑ ላይ አድርጋ «ያን ጊዜ ደሙን በጋሪ ነው አሉ ያመጣችሁት?» አለች።

«መኪናው ሲበላሽ። ጭኔ ላይ አቅፌ።»

«እኛ አንድም ቀን በጋሪ አልጫንነውም።»

«ጎበዞች።»

ትንሽ አፈረች። ማፈሯ ደስ አለኝ። ዳቦውን ጨርሼ ተኛሁ።

ሦስተኛው ቀን፦ እንጅባራ ውስጥ

ጠዋት ወደ ሥራ ክፍሏ ወሰደችኝ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ ስለ ምን እንደምናደድ አይገባችሁም።

ተከላካይ ሕዋሳት እርስ በርስ ይጣራሉ። አፍ ስለሌላቸው የሚጣሩት ጥቃቅን ኬሚካል በመልቀቅ ነው። አንዱ ተህዋስ ሲያገኝ መልእክቱን ይለቃል፤ ሌላው ተቀብሎ ይመጣል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በቃ የሚል መልእክት ይወጣል። በልጅ ደም ውስጥ ጥሪው ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሰው ሲያረጅ ሁለቱም ይዛባሉ። እውነተኛ ጠላት ሲመጣ ጥሪው ይዘገያል፤ ጠላት በሌለበት ደግሞ ዝቅ ያለ ጩኸት ሳያቋርጥ ይኖራል። (ይርገዱ ይህን ስትሰማ «የአንቺን ጠባይ ነው የሚያወሩት» ብላኝ ነበር። ያን ጊዜ ስቄያለሁ።) ቫይታሚን ዲ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይህን ጥሪ ያስተካክላል ይባላል። ፀሐይ ቆዳችን ላይ ስታርፍ ገላችን ራሱ ይሠራዋል። ያረጀ ቆዳ ግን እንደ ልጅ ቆዳ አይሠራም፤ በዚያ ላይ የአዊ አዛውንት ብርዱን ፈርቶ ተከናንቦ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ካፕሱሉ የሽማግሌን ደም እንደ ልጅ ደም ያረጋጋዋል ወይ?

እዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ የሚናፍቀኝ ወንበር ማስተዋል ክፍል ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ ማይክሮስኮፕ ፊት ያለ፣ ጀርባ የሌለው ክብ ወንበር። ተቀመጥኩበት። ልጅቱ ደም የተቀባባትን ስስ መስታወት ከሥሩ አስገብታ «ይዩት» አለች። የሞተ ሕዋስ ሰማያዊውን ቀለም ይጠጣል፤ በሕይወት ያለው አይጠጣም። ያን ጊዜም በዚህ መንገድ ቆጥሬያቸው ነበር። ጋሪው አልገደላቸውም፤ አብዛኞቹ ደህና ነበሩ። ለዶክተሩ ነገርኩት። «ዓይንሽ አርጅቷል» አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዳማ ላይ የዓይን ሞራ ሲገፈፍልኝ ነው እኔም ራሴን መጠርጠር የጀመርኩት። ምናልባት ሰማያዊውን ሳላየው ቀርቼ ይሆናል። በዚህ ጥርጣሬ አሥር ዓመት ኖሬያለሁ።

«እስካሁን ምን አገኛችሁ?» አልኳት።

«የልጆቹ ደም መለወጥ ጀምሯል። የአዛውንቶቹ ዝም ነው። እንደ ድሮው።»

«በመኪና ነው ያመጣችሁት አላልሽም?»

«በመኪና፣ ያውም ቀስ ብለን።» እጆቿን አነባበረች። «እኔ እንጃ፣ ያረጀ ሕዋስ ቫይታሚኑን አይሰማው ይሆናል። እንደዚያ ብዬ ልጽፍ ነው።»

ጋሪ ሳይነካው ዝም ካለ የእኔ ጋሪ ምን አደረገ? ወንበሩ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ነገር ግን እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ።

«ካፕሱሉን የሚያድለው ማነው?»

«ሲስተር ይርገዱ፣ ዳንግላ ያሉት። አልነገርኩዎትም እንዴ? ከእርስዎ ጋር ይተዋወቃሉ አሉኝ እኮ። ስልክዎን የሰጡኝም እሳቸው ናቸው።»

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። አልሰጠቻቸውም ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ገጠር መውጣቱ ሲሰለቻት ቤቷ ተቀምጣ ሰጠሁ እያለች ምልክት ታደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። በጣም ደስ አለኝ። ማስተዋልን «ነገ ዳንግላ እሄዳለሁ። ብቻዬን። ለሲስተርሽ አትደውዪላት» አልኳት።

አራተኛው ቀን፦ ዳንግላ

አዲስ ቅዳምን አልፈን ዳንግላ ስንገባ ገበያ ነበር። ከተማው አድጓል፤ ፎቅ በቅሏል። ጋሪው ግን አሁንም አለ። አዳማ ላይ ባጃጅ ጋሪውን ከመንገድ አስወጥቶታል፤ እዚህ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ፈረሱም ባጃጁን ከቁብ አይቆጥረውም። መሄድ የፈለግኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ እማማ ውዴ ቤት ነው። እማማ ውዴ የድሮው ጥናት ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ አዲሱም ውስጥ ስማቸውን አይቻለሁ።

«እማማ፣ መንገዱ ያንቀጠቅጣል፤ ይችሉታል?» አለኝ ባለጋሪው።

«እኔ እችለዋለሁ። አይችልም የተባለው ደሙ ነው።»

ዞር ብሎ አየኝና ፈረሱን በአለንጋ ነካ አደረገው።

እማማ ውዴ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ከእኔ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጣሉ፤ ዓይናቸው ግን ከእኔ ዓይን ይሻላል። ከሩቅ አወቁኝ።

«ዘነቡ! ደማችንን ይዘሽ ጠፍተሽ!»

«መለስኩት እኮ እማማ።»

«የት አለ? እኔ አላገኘሁትም!» እያሉ ሳሙኝ።

እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። እኔን ግን መንገደኛ ነሽ ብለው ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ እምቢ ስል ራሳቸው እያፈሱ መዳፌ ላይ ጨመሩልኝ። አንድ እፍኝ ከበላሁ በኋላ ወደ ጉዳዬ ገባሁ።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይርገዱ ኪኒኑን በየጊዜው ትሰጣችሁ ነበር?»

«ይርገዱ? ምን አልሽ! ብርድ ሳትል፣ ጭቃ ሳትል! እሑድ እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠብቃ ነበር የምትሰጠን።»

ንፍሮውን ማኘክ አቆምኩ። እሳቸው ግን አላቆሙም። ፊቴን አየት አደረጉና ተነሥተው በሩን ገርበብ አደረጉት፤ ከሣጥናቸው ግርጌ የተቋጠረ ጨርቅ አወጡ። ፈቱት። ውስጡ ቢጫ ሙጫ የመሰለ፣ የቡጢ ያህል ድብልብል ነገር አለ። ካፕሱል ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ካፕሱል፣ አንድ ላይ ተጣብቆ።

«ይህ ምንድነው?» አልኩ፤ ምን እንደሆነ እያወቅኩ።

«ኪኒናችሁ ነዋ። ላዩ ከምን ነው የሚሠራው ብለን ጠየቅናት። አልዋሸችንም፤ ከከብት ቆዳና አጥንት ነው አለች። መድኃኒት ስለሆነ ጾም አይሽርም አለች። ጥሩ ልጅ ናት። ሁዳዴ ግን ሁዳዴ ነው።»

«ታዲያ አልውጥም አይሏትም ነበር?»

«ምን ብዬ? ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ? ዓይን የለኝም እንዴ፣ ልጄ? ተቀበልኳት። አፌ ውስጥ አደረግኩት። ውኃዬን ጠጣሁላት። ዞር ስትል ከጉንጬ አወጣሁት። ለፋሲካ ልውጠው ብዬ አስቀመጥኩት፤ ፋሲካ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ማን ዋጠ ብለሽ ነው? ልጆቹ ውጠው ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ነው የሚሰጧቸው። ጎልማሳውም ቢሆን የዛሬ ጎልማሳ ነው፣ ምን ይጾማል! እኛ ግን...» እጃቸውን አወናጨፉ። ከዚያ ደስ ብሏቸው ወደ ጓዳ ገቡና የጤፍ እንስራ ይዘው ወጡ። እጃቸውን ሰደው ከጤፉ ውስጥ አዲስ ካፕሱሎች አወጡ። «የዘንድሮው እዚህ አለ። ዘንድሮ እንዳይጣበቅብኝ ጤፍ ውስጥ ቀበርኩት!»

ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ቆምኩ። ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ ሞክሬ ብዙ ጊዜ ሰርዣለሁ። ዓይኔ አላረጀም ነበር። ጋሪው ምንም አላደረገም። የአዛውንቶቹ ደም ዝም ያለው ያልነገሩትን ስላልሰማ ነው። ይህን ሳውቅ እልል የምል ይመስለኝ ነበር። እልልታው አልመጣም። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ቂም የሚወርድበት ቦታ ፈለግኩ፤ ፊት ለፊቴ ያገኘሁት ነርሷ እንዳይከፋት ብለው ካፕሱል ጉንጫቸው ውስጥ የደበቁ አሮጊት ብቻ ናቸው።

«ይርገዱን እንዳትቆጫት» አሉኝ ሲሸኙኝ። «እሷ ምን ታውቃለች?»

ታውቃለች ወይስ አታውቅም፣ ያን መጠየቅ ነበረብኝ።

ይርገዱ ያኔ የተከራየነውን ቤት ገዝታዋለች። በሩን ስትከፍት ጸጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ አየሁት። እንደማረጅ አውቅ ነበር፤ እሷ እንደምታረጅ ግን አስቤ አላውቅም።

«መጣሽ?» አለች።

«ማስተዋል ጠርታኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ ጥሪያት ያልኳት። እኔ ብደውል አታነሺም ብዬ።» ከዚያ ወደ ታች አየች። «ይህ የማን ጫማ ነው?»

«ተይው። ከእማማ ውዴ ዘንድ ነው የመጣሁት።»

እጇን ከበሩ ላይ አነሣች። ገባሁና ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ የፈራሁት ጥያቄ ቀላል ሆኖ ወጣ፤ «ታውቂ ነበር?»

«ያን ጊዜ ስሰጣቸው አላወቅኩም። ከፋሲካ በኋላ ነው የሰማሁት፤ አንዷ ባልቴት አፏ አምልጧት ነገረችኝ። ዶክተሩ ግን ቀድሞ ጋሪው ነው ብሎ ወስኖ ነበር።»

«አንቺስ ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። ፊቴ ውጠዋል ብዬ በየቀኑ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ደግሞ...» ቃሉን ፈለገች። «በጋሪው ይሳበብ፤ ጋሪ ሰው አይደለም፣ ማን ይጎዳል ብዬ።»

«ጋሪው ላይ ማን ተቀምጦ ነበር?»

«አንቺ።»

«እኔ።»

ጎረቤት ያለ ውሻ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ይርገዱ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«ዘንድሮስ?» አልኳት። «እያወቅሽ ዘንድሮም ፈርመሻል።»

«አፋችሁን ክፈቱ ልበላቸው? እናቶቼ ናቸው እኮ፣ ዘነቡ! እማማ ውዴን አፍዎን ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያንሡ ልበላቸው? አንቺ ትያቸዋለሽ?»

እላቸው እንደሆነ አሰብኩ። አልላቸውም። ይህን ግን አልነገርኳትም።

«ያቺ ልጅ ያረጀ ደም አይሰማም ብላ ልትጽፍ ነው» አልኳት። «ነገ እንጅባራ ትሄጂና ትነግሪያታለሽ። ካልነገርሻት እኔ እነግራታለሁ።»

«ሥራዬን ታስለቅቂኛለሽ።»

«እኔ ለቅቄያለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እራት የሚያክል ምሳ አቀረበች፤ ጎመን፣ ምስር፣ ድንች። አልበላም ብዬ ነበር። በላሁ። ጎመኑ ላይ ዝንጅብል ታበዛለች፤ ድሮም ታበዛ ነበር። አዳማ ውስጥ ዝንጅብል እያበዛሁ አንድም ቀን እንዲህ አልወጣልኝም። ሳይመሽ አልጋዬን ጠየቅኩ። አልጋዬ ላይ የድንች ጆንያ ተቀምጦበታል። ሁለታችን በአንድ በአንድ ጫፍ ይዘን አወረድነው።

አምስተኛው ቀን፦ እንጅባራ እንደገና

ማለዳ አብረን ተሳፈርን። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ይርገዱ መስኮቱን፣ እኔ የፊቱን ወንበር ጀርባ አየን። ትነግራታለች ብዬ አላመንኩም። መናኸሪያው ላይ ጠፍታ ብታመልጥ አልገረምም ነበር።

አላመለጠችም። የማስተዋልን ክፍል ደፍ ገና ሳትሻገር ጀመረች።

«ማስተዋል፣ አዛውንቶቹ አልዋጡም። ዘንድሮም፣ ያን ጊዜም። ጾም ነው ብለው። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት። ዘነበች ምንም አላጠፋችም። ደሙ ደህና ነበር። ጋሪውም... በጋሪ እንጫነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ትንፋሽ ሳትወስድ ነው የተናገረችው፣ ከሩቅ የተላከ መልእክት እንዳይረሳባት እንደምትሮጥ ልጅ። ማስተዋል አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ማናቸውም አልዋጡም?»

«እማማ ውዴ ጤፍ ውስጥ ቀብረውታል» አልኩ።

ማስተዋል ስልኳን አወጣችና ደወለች። እንድንሰማ ብላ በአማርኛ ነው ያወራችው።

«እማዬ፣ ኪኒኑን እየዋጥሽ ነው?»

«እየዋጥኩ ነው እንጂ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ ወጣ።

«በማርያም በዪኝ።»

ቆይቶ «ጾም ነው፣ አታስምዪኝ» አለ ድምፁ።

ማስተዋል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ይርገዱን «እርስዎ ግን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር፣ ሲስተር» አለቻት። ጮክ ብላ አይደለም። ይርገዱ አንገቷን ደፋች። ሥራዋን አላስለቀቀቻትም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ፊርማዋን ብቻዋን እንደማትቀበል ነገረቻት። ተገቢ ነው። ጨካኝ ብትሆን እመርጥ ነበር ብዬ ብጽፍ ግን ውሸት ይሆናል።

ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ማስተዋል ወዲያው ሥራዋ ውስጥ ገባች። ከከብት ያልሆነ ከእንጉዳይ የሚወጣ፣ በአትክልት ዘይት የተበጠበጠ ጠብታ እንዳለ፣ እሱን እንደምታስመጣ፣ የአዛውንቶቹን ክፍል ከፋሲካ በኋላ ከመጀመሪያው እንደምትጀምር በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ያረጀ ደም ቫይታሚኑን ይስማ አይስማ፣ ከእኛ መካከል እስካሁን የሚያውቅ የለም። ተጠይቆ አያውቅማ።

«አሁን ግን አንድ ነገር ያስፈልገኛል» አለች። «ዕድሜው የገፋ፣ ካፕሱሉን በእርግጥ ያልነካ ሰው ደም። የሰበሰብኩት የአዛውንቶች ደም ከዚያ ካልተለየ ነገሩን በወረቀት ላይ ላሳይ እችላለሁ።»

«የቆላ ፀሐይ የሞቀው ደም ይሆንሻል?» አልኳት።

«ለማነጻጸሪያ ያህል ይሆነኛል፣ እትዬ።»

መርፌና የላስቲክ ማሰሪያ አምጥታ ልትጀምር ስትል ይርገዱ ማሰሪያውን ከእጇ ወሰደችው። ልጅቱ ፈቀቅ አለችላት። ይርገዱ ክቡን ወንበር ስባ ፊቴ ተቀመጠች። እኔ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ግራሽን» አለች። «የቀኙ ደም ሥርሽ ይሸሻል።»

ይሸሻል። ልጅ ሆነን መርፌ መውጋት የተለማመድነው አንዳችን በአንዳችን ላይ ነው። ግራዬን ሰጠኋት። አንዴ ብቻ ወጋችኝ፤ ደሙ ወዲያው መጣ። ቱቦው ሲሞላ መርፌውን ነቀለችና ጥጡን ተጭና ያዘችው።

በዕድሜዬ ያለ ሰው ደም ስንት ደቂቃ ቢያዝ እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነበር። ያ ደቂቃ አለፈ። እሷም ታውቃለች፤ እጇን ግን አላነሣችም። እኔም በቃ አላልኳትም።